ሴንት ጀምስ ስኩዌር ያለችውን ትንሽ ሀውልት የምታውቁ አላችሁ? (ስለ ኢቮን ፍሌቸር)

ብሪክስተን_ቡና
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የስራ ቦታዬ ፒካዲሊ አካባቢ ነው፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ምሳዬን ይዤ ሴንት ጀምስ ስኩዌር ሄጄ ነው ምበላው። እዛ አደባባይ ዳር አንዲት ትንሽ የድንጋይ ሀውልት አለች፣ ስንት ጊዜ በአጠገቧ አልፌያለሁ አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላነበብኳትም ነበር። አንድ ቀን አበባ ተደርድሮባት አየሁና ቀረብ ብዬ ሳነብ «ሴት ፖሊስ ኢቮን ፍሌቸር እዚህ ወደቀች፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1984» ይላል። በቃ ይሄ ብቻ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ማን ናት ብዬ ማንበብ ጀመርኩ ሌሊቱ ሄደ።

ልጅቷ 25 ዓመቷ ነበር። ከትንሽነቷ ጀምሮ ፖሊስ እሆናለሁ ስትል ነው ያደገችው፣ ግን አጭር ነሽ እየተባለች ተመለሰች። የዛን ጊዜ ለሴት ፖሊስ የቁመት መስፈርት አለ፣ እሷ ደሞ ከሱ ወደ አራት ሴንቲሜትር ገደማ ታንሳለች። በመጨረሻ የለንደኑ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ በ1977 ተቀበላት። የሞተች ቀን ስራዋ ምን ነበር መሰላችሁ፣ ሰልፍ መጠበቅ። አደባባዩ ላይ የነበረው የሊቢያ ኤምባሲ ፊት ለፊት ጋዳፊን የሚቃወሙ ወደ 75 የሚሆኑ ሊቢያውያን ወጥተዋል፣ ትሪፖሊ ውስጥ ተማሪዎች ተሰቅለው ስለነበር ነው የወጡት። እሷ ፊቷን ወደ ሰልፈኞቹ ጀርባዋን ወደ ኤምባሲው አድርጋ ቆማለች፣ መሳሪያ የላትም። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ከ18 ላይ ከኤምባሲው መስኮት መትረየስ ተተኮሰ። ጥይቱ በጀርባዋ ነው የገባው። ከሰልፈኞቹም 11 ሰው ቆሰለ። እሷ ሆስፒታል ደርሳ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይታ ሞተች። ልታገባው የነበረው እጮኛዋ ራሱ ፖሊስ ነው፣ እዛው አደባባይ ላይ ተመድቦ እየሰራ ነበር።

አሁን ለምን እዚህ እንደፃፍኩት ልንገራችሁ። ሰልፈኞቹ ፊታቸውን ሸፍነው ነበር። ፎቶውን ሳይ ያ ነገር ነው ልቤን የነካው። ለምን እንደሸፈኑ ማንም ሊያስረዳኝ አይጠበቅም፣ ምክንያቱም እኔም እዚሁ ለንደን ሰልፍ ወጥቼ ነጠላዬን እስከ አይኔ ተከናንቤ ቆሜ አውቃለሁ፣ ከውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካለ እናቴ ሀገር ቤት እንዳትጠየቅ ብዬ። የዛን ቀንም ከፊታችን አንዲት ወጣት ፖሊስ ቆማ ነበር፣ ጀርባዋን ለህንፃው ሰጥታ፣ ብርድ ነው እጇን እያፋተገች። ስለምን እንደምንጮህ አንድ ቃል አልገባትም። ያኔ እኛን እየጠበቀች እንደሆነ እንኳን አላሰብኩም፣ እኛን እየተቆጣጠረች ነው የመሰለኝ። ኢቮንም የሊቢያ ጉዳይ የሷ ጉዳይ አልነበረም፣ የሰው ሀገር ሰው ከሰው ሀገር ሰው ጋር ሲጣላ መሀል ላይ የቆመች ልጅ ናት። ስደተኛ ስለሀገሩ ድምፁን እንዲያሰማ ብላ ቆማ ነው የሞተችው። እኛ ካላስታወስናት ማን ያስታውሳታል ብዬ ነው።

ጉለሌ_ሰፈር
እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ለንደን 11 ዓመት ኖሬ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እዛ አደባባይም ሄጄ አውቃለሁ እኮ። ግን ገዳዩ ተያዘ ወይስ?

ብሪክስተን_ቡና
መልስ ለጉለሌ_ሰፈር፦
ታሪኩ እዚህ ጋ ነው የሚያናድደው ወንድሜ። ፖሊስ ኤምባሲውን 11 ቀን ከበበ ግን መግባት አልቻለም፣ በ1961ዱ የቪየና ስምምነት ኤምባሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት አይቻልም። መንግስት ከሊቢያ ጋር ግንኙነቱን አቋረጠና ኤፕሪል 27 ውስጥ የነበሩት 30 ሰዎች ወጥተው ወደ ሀገራቸው ተላኩ። የዲፕሎማት ሻንጣ አይፈተሽም፣ ስለዚ መሳሪያው በሻንጣ ወጥቷል ነው የሚባለው። የሷ ቀብር ፀሎት ደሞ በዛው ቀን ሳልዝበሪ ካቴድራል ነበር፣ 600 ፖሊስ ተገኝቷል። አስቡት እናትና አባቷን፣ ልጃቸውን በሚሸኙበት ቀን ተኳሹ በአውሮፕላን ይሄዳል።

በ1999 የጋዳፊ መንግስት ሀላፊነቱን ወስዶ ለቤተሰቧ ካሳ ከፈለ፣ ግን ተኳሹን አሳልፎ አልሰጠም። 2015 ላይ አንድ ሰው እዚሁ እንግሊዝ ተይዞ ነበር፣ በ2017 ማስረጃው ለሀገር ደህንነት ሲባል ፍርድ ቤት ሊቀርብ አይችልም ተብሎ ተለቀቀ። ከዚህ በኋላ ነው ጆን መሪ የሚነሳው። ጆን መሪ ማለት የዛን ቀን ከጎኗ የነበረ የስራ ባልደረባዋ ነው፣ አምቡላንስ ውስጥ አብሯት ገብቶ ማን እንዳደረገው እደርስበታለሁ ብሎ ቃል ገባላት። ጡረታ ወጣ፣ አረጀ፣ አልተወም። በራሱ ስም ሰውየውን በፍትሐ ብሔር ከሰሰና በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አዎ በሞቷ ተጠያቂ ነው ብሎ ፈረደ። የጠየቀው ካሳ ስንት ነው ካላችሁ 1 ፓውንድ። 37 ዓመት ሙሉ ለ1 ፓውንድ። እኔ ይሄን ሳነብ ሌሊት ብቻዬን አለቀስኩ።

ጋሽ_ሬዲዮ
ልጄ ተባረኪ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። እኔ የዛን ጊዜ ለንደን ነበርኩ፣ በእኛ 1976 መሆኑ ነው፣ ደርግ ሀገር ቤት እኛ በስደት። ያን ሰሞን ከበባው በቴሌቪዥን በየቀኑ ይታይ ነበር። ሁላችንም አእምሮ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፣ ቆቧ። ከወደቀችበት ቦታ ቆቧ ባዶው አደባባይ ላይ ወድቆ፣ የሌሎቹም ፖሊሶች ባርኔጣ አጠገቡ፣ የሚያነሳው ጠፍቶ። ካሜራው በየቀኑ ያሳየናል። አንድ ፖሊስ ነው ሮጦ ገብቶ አንስቶ የመጣው፣ ሬሳ ሳጥኗ ላይ እንዲደረግላት ብሎ።

ከዚያ በፊት በፈረንጅ 1980 ደሞ እዚሁ ለንደን የኢራን ኤምባሲ በታጣቂዎች ተይዞ ነበር፣ ፕሪንስስ ጌት ቁጥር 16። የእኛ ኤምባሲ 17 ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ። ያኔ በር ላይ ተረኛ የነበረው ትሬቨር ሎክ የሚባል ፖሊስ ከታጋቾቹ ጋር ተያዘ፣ ኮቱ ስር ሽጉጥ ደብቋል። ስድስት ቀን ሙሉ ኮቱን አላወልቅም አለ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ እንዳይታይበት ብሎ ምግብ እንኳን ብዙም አይበላም ነበር። እሱ በህይወት ወጣ፣ ይህቺ ምስኪን ግን አልወጣችም። ያኔ በኛ ስደተኞች መሀል ኤምባሲ በር ላይ ለሚቆም ፖሊስ ሰላምታ መስጠት የተጀመረው ከዛ ወዲህ ነው፣ ቢያንስ እኔ የጀመርኩት ከዛ ወዲህ ነው።

ፒያሳ77
ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ የልጅቷንም ነፍስ ይማር። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔ ለፖሊስ ማልቀስ ይከብደኛል። ተማሪ እያለሁ ምንም ሳላደርግ ከመንገድ ላይ ተለቅሜ ሌሊቱን ሙሉ በዱላ ተቀጥቅጫለሁ፣ ግራ እጄ እስካሁን ሲበርድ ያመኛል። ደንብ ልብስ ሳይ ዛሬም የምኖርበት ሀገር ላይ ሆኜ ሰውነቴ ይደነግጣል፣ መንገድ እቀይራለሁ። የእንግሊዝ ፖሊስ ሌላ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እሺ። ግን ለእኛ ሰው ፖሊስን አስታውሱ ስትሉት ስንቱ ቁስሉን እንደምትነኩበት አስቡበት፣ ይሄን ብዬ ልለፍ።

ሀይፋ_ወደብ
መልስ ለፒያሳ77፦
ወንድሜ የምትለውን ከኔ በላይ የሚረዳህ የለም። እስራኤል ነው ምኖረው። በ2019 ልጃችን ሰለሞን ተካ ከስራ ውጪ የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት ሲሞት መንገድ ከዘጉት አንዱ እኔ ነኝ፣ ጎማ ሲቃጠል እዛው ነበርኩ፣ አልፀፀትም። የሰለሞን እናትና አባት ለቅሶ ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን መቼም አልረሳውም።

ግን ሌላም ነገር አይቻለሁ። በማርች 2022 ብኔ ብራክ ከተማ ውስጥ አንድ ታጣቂ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሲገድል በሞተር ሳይክል ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ አሚር ኹሪ ነው። አረብ ነው፣ ክርስቲያን፣ ከናዝሬት ጎን ከኖፍ ሀጋሊል፣ 32 ዓመቱ። ከታጣቂው ጋር ተታኮሰ፣ እሱም ሞተ ታጣቂውም ሞተ። ብኔ ብራክ ማለት የሀይማኖተኛ አይሁዶች ከተማ ነው፣ እና ጥቁር ኮት የለበሱት ሀሬዲሞች በአውቶብስ ተጭነው ናዝሬት ድረስ ለአንድ አረብ ክርስቲያን ቀብር ሄዱ። እኔ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት፣ ሰራተኞች ሁላችን ስራ አቁመን ቆመን አየን። በመታሰቢያ ቀን ጠዋት ሳይረኑ ሲነፋ ሁለት ደቂቃ መኪናም ሰውም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እኔ ስቆም ሁለቱንም ነው ማስበው፣ ሰለሞንንም አሚርንም። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አይገቡም የሚል ሰው ካለ እኔጋ ገብተዋል።

የሳጅኑ_ልጅ
እኔ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልፅፍም። ጋሽ ስለ ቆቡ ሲያነሱ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቴ ትራፊክ ፖሊስ ነበር፣ ዋና ሳጅን። ፒያሳ77 ወንድሜ፣ አንተን የመታህ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅህ ይገባ ነበር፣ አባቴ ቢኖር እሱም እንደዛ ነበር የሚልህ፣ ባህሪውን ስለማውቅ ነው። እሱ ዱላ አይይዝም ነበር፣ ፊሽካና በራሱ ደሞዝ የገዛው ባትሪ ነው የሚይዘው። የከተማ መውጫ መንገድ ላይ ሌሊት የጭነት መኪና ተገለበጠ ተብሎ ተጠራ። ተረኛ አልነበረም፣ ፈረቃውን ጨርሶ እራት እየበላ ነው የተጠራው፣ እናቴ ጨርሰህ ሂድ ስትለው እንጀራውን ጠቅልሎ በእጁ ይዞ ወጣ። ሄዶ ከኋላ የሚመጡትን መኪኖች በባትሪ እያዞረ ነበር፣ ሹፌሩና ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ተጣብቀው እየወጡ ነው፣ እነሱ እስኪወጡ ነው የቆመው። አንድ መኪና ፍሬን አልያዘለትም። ሹፌሩና ረዳቱ ዛሬ በህይወት አሉ። ሰልስቱ ላይ ሁለቱም መጥተው እናቴ እግር ስር ወድቀው ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ፣ ረዳቱ ልጅ ነበር፣ ከኔ ብዙም አይበልጥም።

ቤት የመጣልን ቆቡ ነው። ባልደረባው በፌስታል ይዞት መጣ። እናቴ ፌስታሉን ከፍታ አይታ ምንም ሳትል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እሱ ሁሌ የሚቀመጥበት ወንበር ፊት አዞረችው። እስከ አርባው ማንም አላነሳውም፣ አቧራ እንኳን ሲጠረግ ዙሪያውን ነው የሚጠረገው። አሁን እኔጋ ነው፣ እናቴ ስትሞት እኔ ወሰድኩት።

እና ምን ልላችሁ ነው፣ የሱ ስም የተፃፈበት ቦታ የለኝም። እናቴ የጡረታ ወረቀቱን ለማስጨረስ ወራት ተመላልሳለች፣ ዛሬ ሀላፊው የለም ነገ ና ማህተም ጎደለ ምናምን፣ መስሪያ ቤቱን አልጠራም። እዛ ደጅ ስትጠና አንድ ቀን አንድ ሰው እንኳን «የማን ባለቤት ነሽ» አላላትም፣ የፋይል ቁጥር ነበር የሚጠይቋት። ስለዚች እንግሊዛዊት ልጅ ድንጋይ ሳነብ ቀናሁ። ደስ የማይል ቃል ነው ግን ቀናሁ።

ፒያሳ77
እህቴ አባትሽን ነፍሱን በገነት ያኑረው። ስራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ውጪ ወጥቼ ተመለስኩ። የኔን ዱላ አልረሳውም፣ እረሳለሁ ብዬም አልዋሽሽም። ግን አባትሽ የቆመበት መንገድ ላይ በሌሊት ስንት ጊዜ ተሳፋሪ ሆኜ አልፌያለሁ መሰለሽ፣ ባትሪ የሚያወዛውዝ ሰው አይተን ሹፌሩ ሲሳደብ አብረን የሳቅንበት ጊዜ ሁሉ ትዝ አለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ዲሲ_ሾፌር
የሳጅኑ ልጅ እናቴ፣ ነፍስ ይማር። ዋሽንግተን ነው ምሰራው፣ ታክሲ 14 ዓመት። ጁዲሺየሪ ስኩዌር ሜትሮ ጣቢያ ስትወጪ እዛው በሩ ላይ በስራ ላይ የሞቱ ፖሊሶች መታሰቢያ ነው። በ1991 ነው የተመረቀው። ግራና ቀኝ ረጃጅም ጎበጥ ያለ የእምነበረድ ግድግዳ፣ ከ20 ሺህ በላይ ስም ተቀርፆበታል፣ ጫፉ ላይ የነሐስ አንበሶች ግልገሎቻቸውን ሲጠብቁ። በየዓመቱ ሜይ ላይ የአዲሶቹ ስም ይጨመራል፣ ሌሊት ሻማ ይበራል፣ ያን ሳምንት ከተማው ከየስቴቱ በመጡ የፖሊስ ቤተሰቦች ይሞላል፣ እኔ ብዙዎቹን አሳፍሬያለሁ።

አንድ ጊዜ አንዲት ሽማግሌ እናት ከኤርፖርት ጭኜ ቀጥታ ወደዛ ነው ያለችኝ፣ ሆቴል እንኳን ሳትገባ። ወረቀት እና እርሳስ ይዛለች። ምን ልታደርጊ ነው ስላት ወረቀቱን የልጄ ስም ላይ አድርጌ በእርሳስ እፈትገዋለሁ፣ ስሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ በየዓመቱ አደርገዋለሁ አለችኝ። ቆጣሪውን ዘግቼ አብሬያት ወረድኩ፣ ስሙ ከፍ ያለ ቦታ ስለነበር እጇ አልደረሰም፣ እኔ ወረቀቱን ያዝኩላት እሷ ፈተገች። ግድግዳው ላይ ባሏ ፖሊስ ሆኖ የሞተባት አንዲት ሴት የተናገረችው ተፅፏል፣ ጀግና ያደረጋቸው አሟሟታቸው ሳይሆን አኗኗራቸው ነው የሚል ነው። ስላንቺ አባት ያወራሽውን ሳነብ ያ እንጀራ በእጁ ጠቅልሎ መውጣቱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ጉለሌ_ሰፈር
አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እዚህ ለንደን ፓርላማው በር ላይ የተገደለው ፖሊስስ መታሰቢያ አለው? በ2017 ነው መሰለኝ፣ እኔ የዛን ቀን አውቶብስ ላይ ሆኜ ዌስትሚንስተር ድልድይ ተዘግቶ ሶስት ሰዓት ቆመን ነበር።

ብሪክስተን_ቡና
መልስ ለጉለሌ_ሰፈር፦
ኪት ፓልመር ነው፣ ማርች 22 ቀን 2017፣ 48 ዓመቱ ነበር፣ እሱም መሳሪያ አልያዘም፣ በቢላ ነው የተወጋው። አዎ አለው፣ እዛው በሩ ጋ በ2019 ቆመለት። እና የሚገርመው ነገር ሀውልቱን ያቆመው ድርጅት በኢቮን ምክንያት የተመሰረተ ነው። እሷ ስትሞት ማይክል ዊነር የሚባል የፊልም ዳይሬክተር ለታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ ፃፈ፣ ለወታደር ሀውልት እናቆማለን ለፖሊስ ለምን የለም ብሎ፣ ሰው ሳይጠየቅ ገንዘብ ይልክለት ጀመር። በሞተች ሶስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የፖሊስ መታሰቢያ ድርጅት ተቋቋመ። የሷ ድንጋይ የመጀመሪያው ነው፣ ፌብሩዋሪ 1985 ላይ ማርጋሬት ታቸር ናት የገለጠችው፣ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎችም አብረው ቆመው። ከዛ ወዲህ ፖሊስ በወደቀበት ብዙ ቦታ እንደዛ ያለ ድንጋይ አቁመዋል፣ በ2005 ደሞ ዘ ሞል የሚባለው መንገድ ላይ ትልቁን ብሔራዊ መታሰቢያ ንግስቲቱ መረቀች። አንድ ሰው የፃፈው ደብዳቤ ነው እንግዲህ።

ጋሽ_ሬዲዮ
ለሳጅኑ ልጅ፦ ልጄ፣ መቅናትሽ ነውር አይደለም። ያቺ ደብዳቤ የፃፋት ሰው ዘመዷ አልነበረም። የአባትሽን ታሪክ አንቺ እዚህ ፃፍሽው፣ ይኸው እኔ ሽማግሌው ሰውዬ የማላውቀውን ሰው እራት ያቋረጠበትን ሌሊት አወቅሁ። የሹፌሩንና የረዳቱን ቃል አግኝተሽ በወረቀት አስፍሪው፣ በህይወት እያሉ። እኔ ብዙ ነገር ነገ እፅፈዋለሁ እያልኩ ባለቤቶቹ አለፉብኝ።

የሳጅኑ_ልጅ
እሺ ጋሼ። የረዳቱ ስልክ አለኝ፣ አሁን የራሱ መኪና ያለው ሹፌር ሆኗል፣ ለፋሲካ ሁሌ ይደውላል። እደውልለታለሁ።

ብሪክስተን_ቡና
ኤፕሪል 17 ማለት ሚያዝያ 9 ነው። እኔ የዛን ቀን በ4 ሰዓት ከ18 እዛ ድንጋይ ጋ እሆናለሁ፣ ከስራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለንደን ያላችሁ መምጣት የምትፈልጉ ኑ፣ ባንዲራም መፈክርም አያስፈልግም፣ አበባ ብቻ። ነጠላ የምትለብሱ ልበሱ፣ እኔ እለብሳለሁ፣ ፊቴን ሳልሸፍን።

የሳጅኑ ልጅ፣ ካልደበረሽ ላባትሽም አንድ ሻማ ከጎኗ ላብራ። የክርስትና ስሙን ላኪልኝ።

ጉለሌ_ሰፈር
እኔ እመጣለሁ።

ፒያሳ77
እኔ ማንችስተር ነኝ፣ የጠዋቱ ባቡር ካደረሰኝ እመጣለሁ። ፖሊስ ይኖራል እዛ ቦታ አይደል? ግድ የለም፣ እመጣለሁ።

የሳጅኑ_ልጅ
በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ እህቴ። የቆቡንም ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ፣ ለማንም አሳይቼ አላውቅም ነበር። የለንደን ንፋስ ሀይለኛ ነው ሲሉ እሰማለሁ፣ ሻማውን ጠርሙስ ውስጥ አድርጊው፣ አባቴ ባትሪውን ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ይሸፍነው ነበር።